67 ቀን ከአሸዋ በታች፦ የአንድ ባሕታዊ ሸርጣን ጉዳይ

ሸርጣኑ ከዓይናችን በተሰወረ በ40ኛው ቀን እናቴ ወደ ገንዳው መስታወት ጠጋ ብላ አየችና «በቃ ልጄ፤ አርባ ቀን ሙሉ ያለ እህል ውኃ የሚቆይ ፍጥረት የለም። ሳይሸት አውጥተህ ቅበረው» አለችኝ። በመስታወቱ ጎን፣ ከአሸዋው ውስጥ፣ የማይንቀሳቀስ ሐምራዊ መቆንጠጫ ይታያል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከሥሩ ቁጭ ብላ ፊቴን ታያለች። እኔ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ያን ዕለት አሸዋውን ቆፍሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለት ሞት ነበር። ለምን እንዳልቆፈርኩ ለማስረዳት ግን ከመጀመሪያው ሞት መነሣት አለብኝ። ሁለተኛው የዳነው ከሟቿ በተማርነው ነውና።

አመጣጣቸው

የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በጁላይ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰሞን፣ ቤተሰቡን ይዤ ወደ ኦሽን ሲቲ ወረድን። በባሕሩ ዳር ከተዘረጋው የእንጨት መሄጃ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ በሽቦ ሣጥን ውስጥ ብዙ ሸርጣኖች ይርመሰመሱ ነበር። ዛጎላቸው ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ አንዱ እንደ እግር ኳስ፣ አንዱ እንደ ሰንደቅ ዓላማ። ልጄ ሁለት መረጠች። ትንሿን «ሚሚ» አለቻት፤ ትልቁን ለጊዜው ስም አላወጣችለትም። ሻጩ የሽቦ ሣጥን፣ ባለ ቀለም ጠጠር፣ አንድ ስፖንጅ፣ የጠርሙስ ክዳን የምታክል የውኃ ሳሕንና በከረጢት የታሸገ ደረቅ ምግብ ሰጠን። ምክሩ አጭር ነበር፦ ስፖንጁን በየቀኑ አርጥቡ፣ ሌላ ነገር አያስፈልጋቸውም፣ ለነገሩ ከጥቂት ወራት በላይም አይኖሩም።

ይህን የመጨረሻውን ቃል አምኜ ወደ ቤት መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። የያዝናቸው ሸርጣኖች የካሪብያን ባሕታዊ ሸርጣን የሚባሉት፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ኮኢኖቢታ ክሊፒያተስ ናቸው። በተፈጥሮ ቦታቸው ከ30 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ከልጄ ዕድሜ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ኦሽን ሲቲ በባሕር ዳር ብትሆንም የዚያ ባሕር ልጆች አይደሉም፤ አገራቸው ከፍሎሪዳ ደቡብና ከካሪብያን ደሴቶች እስከ ቬኔዝዌላ ያለው ሞቃትና እርጥብ ጠረፍ ነው። እንቁላላቸው የሚፈለፈለው በባሕር ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹም ብዙ ጊዜ መልካቸውን እየለዋወጡ ለሳምንታት በጨው ውኃ ላይ ከተንሳፈፉ በኋላ ነው ዛጎል ፈልገው ወደ የብስ የሚወጡት። በዚህ ምክንያት በቤት ውስጥ ማራባት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ማለት ይቻላል ሁሉም ከዱር የተለቀመ ነው። ሚሚም ተወልዳ ያደገችበት ጫካና ዳርቻ ነበራት።

ለእኛም ቢሆን ጨርሶ ባዕድ ፍጥረት አይደለም። የዚሁ ወገን የሆነው ኮኢኖቢታ ስካቮላ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይኖራል፤ ቀኑን ከአሸዋ ሥር ተደብቆ ውሎ ሲመሽ ወደ ውኃው ይወርዳል።

«ባሕታዊ» የተባለው የሰው ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ስለሚመስል ነው። ከፊቱ ጠንካራ ቅርፊት ቢኖረውም ሆዱ እርቃኑን ነው፤ ለስላሳ፣ ወደ ቀኝ የተጠማዘዘ። ስለዚህ የሞተ ቀንድ አውጣ የተወውን ዛጎል ፈልጎ ይገባበታል። የኋለኞቹ አራት ትናንሽ እግሮች ዛጎሉን ከውስጥ ይይዛሉ፤ ትልቁ የግራ መቆንጠጫ ሲደነግጥ በሩን ይዘጋል። ብቸኛ ግን አይደለም። በዱር በመንጋ የሚሄድ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የሚተኛ እንስሳ ነው።

ሚሚ

ሣጥኑን የት እናስቀምጥ በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ርኩስ ነው ተብሎ ተጽፏልና «እህል በሚበስልበት አይገባም» አለች። ቃሏን አክብረን ሣጥኑን ሳሎን ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር አኖርነው። ከበላዩ የአየር ማቀዝቀዣው መውጫ ነበረ። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ቀንና ሌሊት በሽቦው ውስጥ ያልፍ እንደነበር ያስተዋለ አልነበረም።

የምሠራው በአንድ ሆቴል በማታ ፈረቃ ስለሆነ ቤት የምገባው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሸርጣኖቹም የሌሊት ፍጥረቶች ናቸው። ቤተሰቡ ቀን ቀን ሲያያቸው ሁለት ድንጋይ ናቸው፤ እኔ የምደርሰው እነርሱ ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያየሁት ይህ ነበር። ትልቁ በአንዱ ማዕዘን ቆሞ ሽቦውን ሌሊቱን ሙሉ ይቧጥጣል፤ ሲደክመው ወደ ውኃዋ ሳሕን ሄዶ ሰውነቱን ለማጥለቅ ይሞክራል፣ ሳሕኗ ግን እግሩን እንኳ አትሸፍንም። ሚሚ ግን ዳር ላይ ተቀምጣ ግማሽ አካሏን ከዛጎሉ አውጥታ ትዝለፈለፋለች። ስነካት ወደ ውስጥ የምትመለሰው በዝግታ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ለመደችኝ፤ አትፈራኝም» ትል ነበር። የለመደች ሳትሆን አቅም ያጣች ነበረች።

በአራተኛው ሳምንት አንድ እግሯ ጠጠሩ ላይ ወድቆ አገኘን። በማግስቱ ሌላ። በሦስተኛው ቀን ከዛጎሏ ፈጽማ ወጥታ፣ እርቃኗን ሽቦው ሥር ተኝታ ነበር። ባሕታዊ ሸርጣን በፈቃዱ ቤቱን ትቶ አይወጣም፤ እግር መጣልም ሆነ እርቃን መውጣት የመጨረሻው የጭንቅ ምልክት ነው። ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ከዛጎሉ ጋር በትንሽ ኩባያ፣ ጥቂት ውኃ ጨምረን፣ በጨለማ እናስቀምጣት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይገባሉና። አላወቅንም። ማታውን ሞተች። ጠዋት ቤቱ በበሰበሰ ዓሣ ሽታ ተሞላ። ያ ሽታ በኋላ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ እመለስበታለሁ።

ልጄ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን «ምን አድርገናት ነው?» አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ መፈለግ ጀመርኩ።

መልሱ ስንጥቧ ውስጥ፣ ማለትም እንደ ዓሣ በምትተነፍስበት አካል ውስጥ ነበር። የየብስ ባሕታዊ ሸርጣን እንደ እኛ ያለ ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው ከባሕር ዘመዶቹ በወረሰው፣ ለአየር በተስተካከለ ስንጥብ ነው። ስንጥቡ ከአየር ኦክስጅን መውሰድ የሚችለው እርጥብ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ከ75 እስከ 85 በመቶ እርጥበት ሊኖረው ይገባል። አየሩ ሲደርቅ ስንጥቡ ይደርቃል፣ እንስሳው ይታፈናል፤ በአንድ ሰዓት ሳይሆን በሳምንታት። የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ 38 አለ። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ፈተንኩት፤ ዘዴው ቀላል ነው፤ ጥቂት የገበታ ጨው በውኃ አርሶ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር። እርጥብ ጨው በተዘጋ ቦታ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። የእኔ መለኪያ 72 አሳየ። ሦስት ብንጨምርለትም ሣጥኑ ከ41 አያልፍም።

ስለዚህ ሚሚ አራት ሳምንት ሙሉ አየር እያጠራት ነበር። ትልቁ ደግሞ ማዕዘኑን ሲቧጥጥና በሳሕኗ ሊነከር ሲሞክር ሌሊት ሌሊት ይነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነበር። ሕይወቱ የተረፈው በአካል ትልቅ ስለሆነና በዛጎሉ ውስጥ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ይመስለኛል፤ እነዚህ ሸርጣኖች የመጠባበቂያ ውኃ ዛጎላቸው ውስጥ ተሸክመው ይዞራሉ።

የቤት ለውጥ

ሚሚ በሞተችበት ሌሊት ትልቁ ማዕዘኑን ትቶ ወደ እርሷ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ የገደላት እርሱ ነው ብላ አሰበች፤ ልጄ እያለቀሰላት ነው አለች። ሁለቱም አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሊያ ቫልዴስና ማርክ ሌድሬ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የየብስ ባሕታዊ ሸርጣኖች በሞተ ወገናቸው ሽታ በብርቱ እንደሚሳቡ አሳይቷል። ምክንያቱም አንድ ሸርጣን ሞተ ማለት አንድ ቤት ተለቀቀ ማለት ነው። ትልቁ የቆመው ከሬሳው አጠገብ ሳይሆን ከባዶው ዛጎል አጠገብ ነበር፤ በመቆንጠጫው እየገለበጠ አፉን ይለካ ነበር። ስለ ጠበበው ተወው። ያ ሌላ መልእክት ነው፤ የተቀባው ዛጎል አልተመቸውም፣ ቤት ይፈልጋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉን ለወጥን። ሽቦውን ጥለን 20 ጋሎን የሚይዝ፣ የመስታወት ክዳን ያለው የዓሣ ማሳደጊያ ገንዳ ገዛን። ለአምስት እጅ አሸዋ አንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ቀላቅለን፣ በጨው ውኃ አርሰን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞላነው። ልኩን ልጄ ነበር የምትፈትነው፤ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ መቆም አለበት፣ ውኃ ግን መንጠባጠብ የለበትም። ሁለት ጥልቅ ሳሕኖች ገቡ፤ አንዱ ጨው አልባ፣ አንዱ የባሕር ውኃ። የባሕር ውኃው የሚዘጋጀው ለባሕር ዓሦች በሚሸጠው ጨው እንጂ በገበታ ጨው አይደለም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ማጣሪያ ጠብታ ያስፈልገዋል፤ በብዙ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ደግሞ ውኃውን አሳድሮ በማቆየት አይወጣም። ማሞቂያውን ከገንዳው ሥር ሳይሆን ከኋላው ግድግዳ፣ ከአሸዋው በላይ ለጠፍነው፤ ከሥር ቢሆን አሸዋ ውስጥ የገባውን እንስሳ ያቃጥለዋል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 80 ሆነ።

በምግቡ ብዙ አልተቸገርንም፤ ባለቤቴ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ ሳይነካው ከምናበስለው ትቆርስለታለች። የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ፣ ዓሣ፣ ካሮት፣ የደረቀ የኦክ ቅጠል ይበላል።

ዛጎሎቹን ግን በጥንቃቄ መረጥን። የካሪብያኑ ሸርጣን ክብ አፍ ያለውን፣ ተርቦ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ዛጎል ይወዳል። ስፋቱ የሚለካው በትልቁ መቆንጠጫ ነው። ከእርሱ ልክ ጀምሮ ከፍ ከፍ የሚሉ፣ ቀለም ያልነካቸው አምስት ዛጎሎች ቀቅለን አቀዝቅዘን ደረደርንለት። የተቀባ ዛጎል ቀለሙ እየተፈረፈረ ከምግቡ ጋር ይገባል፤ ከውስጥም የሚሻክር ነው።

በሦስተኛው ሌሊት ከሥራ ስመለስ መብራት ሳላበራ በስልኬ ቀይ ብርሃን አየሁት። ከአንዱ ዛጎል ፊት ቆሞ ነበር። አጫጭሮቹን አንቴናዎች ቶሎ ቶሎ እያርገበገበ አሸተተው። በሁለቱ መቆንጠጫዎች አንከባሎ አፉን ወደ ላይ አዞረ። ትንሹን መቆንጠጫ እስከ ሥሩ አስገብቶ ከውስጥ ያለውን አሸዋ ቁንጥር ቁንጥር እያደረገ አወጣ። ይህ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሁለቱን ዛጎሎች አፍ ለአፍ አጋጠመና በአንድ ቅጽበት ሮዝ መልክ ያለው ሆዱ እንደ እግር ኳስ ከተቀባው ዛጎሉ ወጥቶ ወደ አዲሱ ገባ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጥቂት ተራመደበት፤ ተመልሶ አሮጌው ውስጥ ገባ፤ እንደገና አዲሱን ለበሰ። ከዚያ በኋላ የተቀባውን አልነካውም።

በዱር ይህ ነገር በወረፋ ይሆናል። አንድ ትልቅ ባዶ ዛጎል ሲገኝ ሸርጣኖች በመጠን ተራ ይሰለፋሉ፤ ትልቁ አዲሱን ሲይዝ ተከታዩ የእርሱን፣ ሌላው የተከታዩን ይወርሳል። ኢቫን ቼዝ የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ይህን ሂደት በባሕታዊ ሸርጣኖች ላይ አጥንተው ጽፈዋል፤ ሐሳቡ የመጣው ሰዎች አንዱ የለቀቀውን ቤት ሌላው እየያዘ የሚሄድበትን ሰንሰለት ከሚያጠናው ዘርፍ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከአፓርታማ ወደ ራሱ ቤት ሲዛወር ስንት ሐበሻ ተከታትሎ ቤት እንደሚለውጥ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አባ ዋሻ

በሴፕቴምበር መጨረሻ ጠባዩ ተለወጠ። ያለ ልክ መብላትና መጠጣት ጀመረ፤ ከሁሉ ይልቅ ከጨው ውኃው አይጠፋም። መልኩ አመድማ ሆነ፤ የሚያብረቀርቁት ዓይኖቹ ደመና የለበሱ መሰሉ። በቤት ለውጡ ግርግር አንድ የግራ እግር ጥሎ ስለነበር ሚሚን አስታወሰንና ደነገጥን። አንድ ሌሊት አሸዋውን መቆፈር ጀመረ፤ በማግስቱ አልነበረም። እናቴ በዚያን ጊዜ ነው «አባ ዋሻ» ብላ ስም ያወጣችለት።

የሸርጣን ቅርፊት አያድግም። ስለዚህ ሥጋው ሲያድግ ቅርፊቱን ጥሎ አዲስ ማውጣት አለበት፤ የየብሱ ባሕታዊ ሸርጣን ይህን የሚያደርገው ከመሬት በታች፣ በጨለማ፣ ራሱ በሠራው ትንሽ ዋሻ ውስጥ ነው። ሲበላና ሲጠጣ የከረመው ለዚህ ስንቅ ነበር። አሮጌው ቅርፊት ከእግሮቹ፣ ከመቆንጠጫዎቹና ከዓይን መሸፈኛው ጋር እንዳለ ይወልቃል፤ ከውስጡ የሚወጣው አካል እንደ ልጅ ድድ ለስላሳ ነው። ለመጠንከር ካልሲየም ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም የጣለውን ቅርፊት ራሱን በመብላት ነው። ትንንሾቹ በጥቂት ሳምንታት ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ ወራት ይፈጅባቸዋል። በዚህ ጊዜ አሸዋውን የሚቆፍር ሰው ዋሻውን በላዩ ይንደዋል፣ ለስላሳውን ሥጋ ይቀደዋል፣ ከሚበላው ስንቁ ይለየዋል። ጠጠሩ በሁለት ጣት ከፍታ በነበረው የሽቦ ሣጥን ውስጥ ይህ ጨርሶ ሊሆን አይችልም ነበር።

ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። ቢሆንም በ40ኛው ቀን ያ መቆንጠጫ በመስታወቱ በኩል ሲታይ፣ ባዶ፣ ጫፉ የገረጣ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ያነበብኩት ሁሉ ከልቤ ጠፋ። ማንኪያውን ያስጣለኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ ሚሚ ትሸት ነበር» አለች።

ክዳኑን ከፍቼ ፊቴን ወደ አሸዋው አስጠጋሁ። የሸተተኝ ዝናብ የጠጣ አፈር ነበር። እናቴንም ጠራኋት፤ አሸተተችና ዝም አለች። የሞተ ሸርጣን በእንዲህ ዓይነት ሙቀትና እርጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ያስለቅቃል፤ ያን ሽታ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ያየነው መቆንጠጫ ባዶ ቅርፊት ነበር። በመስታወቱ ጎን ጥቁር ወረቀት ለጠፍንና ጨለማውን መለስንለት።

የሆነው በ67ኛው ቀን፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። በሩን ስከፍት እናቴ ለሌሊት ጸሎት ተነሥታ ሳሎን ውስጥ ቆማ ነበር። ከገንዳው በኩል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ይመጣል። ሁለታችንም ተጠጋን። አሸዋው ከመሐል ተሰንጥቆ ነበር፤ መጀመሪያ አንቴናዎቹ፣ ቀጥሎ ዓይኖቹ፣ ከዚያ መቆንጠጫው ወጡ። እንዲህ ያለ ሐምራዊ በዚህ እንስሳ ላይ አይቼ አላውቅም። በግራ በኩል፣ የጣለው እግር በነበረበት ቦታ፣ ከሌሎቹ ያነሰና የገረጣ አዲስ እግር አለ፤ ይራመድበታል። በቀጥታ ወደ ጨው ውኃው ሄዶ እስከ ዛጎሉ ነከረ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «ተመስገን፤ ይኸው ከነእግሩ መለሰው» አለችና ልጅቱን ልትቀሰቅስ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ

ብቻውን መተው አልፈለግንም፤ ከሱቅ ገዝቶ አንድ ሌላ ከዱር ማስለቀምም አልፈለግንም። በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ማሳደግ ሰልችቶት ሁለት እንደሚሰጥ ሰማንና ሄደን አመጣናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የተቀባ ዛጎል ለብሶ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት አባ ዋሻ በአንቴናው ከላይ እስከ ታች ዳሰሳቸው፤ መገፋፋትና እንደ ጫጩት ድምፅ ያለ ጩኸት ነበር፤ በሳምንቱ ሦስቱም በአንድ የቡሽ ቅርፊት ሥር ተደራርበው ተኙ። ባለ ቀለም ዛጎል የለበሰው አዲስ መጪ ለአባ ዋሻ ከደረደርናቸው ትርፍ ዛጎሎች አንዱን በአሥረኛው ቀን ወሰደ።

እናቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ በስልክ ስትደውል ከልጄ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ እርሱ ነው። ባለፈው እሑድ «ምን ይሠራል?» ስትል ልጄ «እንደገና ገብቷል እማማ» አለቻት። ዛሬ 23ኛ ቀኑ ነው። ጥቁሩ ወረቀት መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ መለኪያው 81 ይላል፤ ማንኪያው መሳቢያው ውስጥ ነው።